የመሐል ቁልፉ ጣቴን ጨረሰው፤ ለጽሑፍ አርትዖት የሚመች ማውስ ጠቁሙኝ

ቀይ እስክሪብቶ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ተራ ይመስላል፤ ለእኔ ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው። የመጽሐፍ አርታዒ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የምውለው ሰው የጻፈውን ስቆርጥ፣ ሳዛውር፣ ፊደል ስለቅም ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ወንድሜ ባስለመደኝ አክሚ በሚባል የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም እሠራለሁ። ለማታውቁት፦ አክሚ ሥራውን ሁሉ የሚጠብቀው ከማውሱ ነው። የግራው ቁልፍ ይመርጣል፣ የመሐሉ ትእዛዝ ያስፈጽማል፣ የቀኙ ይፈልጋል። ግራውን እንደያዝኩ መሐሉን ብጫን የመረጥኩት ይቆረጣል፤ ግራውን እንደያዝኩ ቀኙን ብጫን የቆረጥኩት ይለጠፋል።

ደራሲው በአንደኛው ምዕራፍ «ፀሐይ»፣ በሁለተኛው «ጸሐይ»፣ ደክሞት በዋለበት ቀን ደግሞ «ፀሃይ» ብሎ ይጽፋል። ቃሉን በቀኝ ቁልፍ ስነካው ወደሚቀጥለው ቦታ ይዘልላል፤ ቀስቱም አብሮት ሄዶ እዚያው ላይ ያርፋል። ስለዚህ እጄን ሳላነቃንቅ ቀኙን እየደጋገምኩ ስድስት መቶ ገጽ ረቂቅ አዳርሳለሁ። አማርኛውን የምጽፈው በሌላ ፕሮግራም ነው፤ አክሚ ላይ የሚያስፈልጉኝን ፊደላት፣ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሰ፣ ሠ እያልኩ በመስኮቱ ራስጌ ደርድሬ ከዚያ እየገለበጥኩ እለጥፋለሁ።

ችግሩ የመሐል ቁልፉ ነው። ማውሴ ማንም ቤት ያለው ዓይነት፣ መሐሉ ላይ ጎማ ያለበት ነው። ጎማውን ስጫን ይሽከረከርብኛል፤ ጽሑፉ ሽቅብ ይሸሻል። አጥብቄ ልጫን ስል ደግሞ መሐል ጣቴ ከሥሩ እስከ ክንዴ ድረስ ይጠዘጥዘኛል። ትናንት ማታ ቡና ስቀዳ ጀበናው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠና ረከቦቱን አጥለቀለቅኩት። እናቴ ወገሻ ዘንድ ካልሄድሽ ብላ ይዛኛለች።

እጄ ትንሽ ነው። አዲስ አበባ ነኝ። የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ከአሜሪካ ስለምትመጣ ከዚያ ማስመጣትም እችላለሁ። ምን ልግዛ?

ኪቦርድ ይበቃል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

ወንድሜ፣ ማውሱን ጣለው። ቪም የሚባል በኪቦርድ ብቻ የሚሠራ የጽሑፍ ማረሚያ አለልህ። አንድ ቃል ለመቁረጥ ሁለት ፊደል፣ አንድ መስመር ለመቁረጥ ሁለት ፊደል። እጅህ ከኪቦርዱ አይነሳም፤ ጣትህም አይጠዘጥዝህም።

ቀይ እስክሪብቶ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:11

እህትህ ነኝ። ምክርህን ሞክሬዋለሁ። አማርኛ እየጻፍክ ወደ ትእዛዝ ስትመለስ የፊደል ገበታውን ወደ እንግሊዝኛ መቀየር አለብህ፤ ረስተህ ከነካኸው ትእዛዝ መሆን የነበረበት «ድ» ይሆንና ተቀምጦ ያይሃል። በቀን መቶ ጊዜ ገበታ መቀያየር ለእኔ ከጎማው አይሻልም። በዚያ ላይ የእኔ ሥራ መጻፍ ሳይሆን ገጹን እያየሁ «ይህ እዚያ ይሂድ» ማለት ነው። ለዚያ ደግሞ እንደ መጠቆም ያለ የለም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ማታ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:30

አክሚ ላይ የሚሠራ አበሻ እኔ ብቻ እመስለኝ ነበር። እንኳን ደህና መጣሽ።

ፕሮግራሙ የተሠራው ጎማ ላለው ማውስ አይደለም። ሮብ ፓይክ አክሚን ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ እሱ ጽሑፍ ሲያቀርብ፣ በእጁ የነበረው ሦስት እውነተኛ ቁልፎች ያሉት ማውስ ነው። ሐሳቡን ያገኘው ደግሞ ኒክላውስ ቪርት ከሠራው፣ ኦበሮን ከሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ነው፤ እሱም የሚሠራው በባለሦስት ቁልፍ ማውስ ነበር። ወደ ኋላ ከሄድን፣ የማውስ ፈልሳፊው ዳግላስ ኤንግልባርት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1968 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለሕዝብ ያሳየው ማውስም ሦስት ቁልፍ ነበረው። ጎማው የተስፋፋው ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ኢንተሊማውስን ካወጣ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የመሐሉ ቁልፍ ቦታውን ለጎማ ለቀቀ፤ ጎማው ቁልፍም ልሁን አለ፤ ይኸው ያንቺን ጣት እየበላ ነው።

ስለዚህ «የቱ ኩባንያ ይሻላል» ከማለትሽ በፊት ጥያቄው «የመሐሉ ቁልፍ እውነተኛ ቁልፍ ነው ወይ» ይሁን። መልሱ አዎ የሆነባቸው ጥቂት ናቸው። ኤችፒ ከከባድ ኮምፒውተሮቹ ጋር ይሸጠው የነበረ፣ ጎማ የሌለው ባለሦስት ቁልፍ ማውስ አለ። አክሚ የሚጠቀሙ ሰዎች እንደ ታቦት ነው የሚያዩት፤ የሚገኘው ግን አሮጌው ነው። ኢቮሉየንት የሚሠራው፣ እጅ ለመጨባበጥ እንደተዘረጋ በጎኑ ቆሞ የሚያዘው ማውስ ሦስት ቁልፎቹን ለሌባ ጣት፣ ለመሐል ጣትና ለቀለበት ጣት አከፋፍሏል። ስሪዲኮኔክሽን ለነዳፊዎች ብሎ ያወጣው ካድማውስም አለ፤ ጎማው ለብቻ፣ የመሐል ቁልፉ ለብቻ ነው። ዋጋው ግን አይቀመስም።

አንድ ጨዋታ ልጨምር፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። ዛሬ «ፀ» የሚለውን ፊደል ከአዲስ አበባ እዚህ የሚያደርሰውን ዩቲኤፍ 8 የነደፉት ራሱ ሮብ ፓይክና የሥራ ባልደረባው ኬን ቶምፕሰን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1992፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ እራት ሊበሉ በተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ። የእኛ ፊደል የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር በቁጥር ወደሚመዘገቡበት ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ቤቱ ከእንግዳው ሰባት ዓመት ቀድሞ ተሠርቶ ጠበቀን ማለት ነው።

የሽቦ ልጅ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:15

ማውስ ጠግኜ ነው የማድረው። ጎማው ለምን እንደሚከብድሽ ከውስጥ ልንገርሽ።

ማውሱን ገልብጪው። ከሆዱ ላይ የተለጠፉት አራት የሚያንሸራትቱ ቁራጮች አሉ፤ ብሎኖቹ ብዙ ጊዜ እነሱ ሥር ነው የሚደበቁት። ስትከፍቺው ከግራና ከቀኝ ቁልፍ ሥር ሁለት ትናንሽ ጥቁር ሳጥኖች ታያለሽ፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ቀጭን የመዳብ ምላስ አለች፤ ቀጭ የምትለው እሷ ናት። በትንሽ ኃይል እንድትነጥር ተብላ የተሠራች ናት። ጎማው ሥር ግን ብዙ ጊዜ የምታገኚው ሬዲዮና ሪሞት ውስጥ የሚገባውን ርካሽ ጠፍጣፋ መጫኛ ነው። ያ ይከብዳል። ከዚያም በላይ የምትጫኚው እሱን ብቻ ሳይሆን ጎማውን ከነአክሱሉ ነው። ጣትሽ የሚያነሳው ሸክም እሱ ነው።

መጫኛውን በቀለለ መቀየር ይቻላል። እኔ ለሁለት ደንበኞች ቀይሬያለሁ። ጎማው መንሸራተቱን ግን አያስቀረውም።

ባለ ፕላን
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:00

አርክቴክት ነኝ። አውቶካድ ላይ ሥዕሉን የምንጎትተው የመሐሉን ቁልፍ ይዘን ነው፤ ስለዚህ የእህታችንን ሕመም አውቀዋለሁ። ከላይ የተጠቀሰው ካድማውስ ቢሮአችን ውስጥ አንድ አለ። የመሐል ቁልፉ በእርግጥ ለስላሳ ነው። ማውሱ ግን ትልቅ ነው። እጄ የወንድ እጅ ሆኖ እንኳ ይሞላኛል። ለትንሽ እጅ በደንብ ሳትይዢው እንዳትገዢ።

እጅሽን ለኪዪው። ከእጅ አንጓሽ መታጠፊያ እስከ መሐል ጣትሽ ጫፍ በማስመሪያ። ከዚያ የማውሱን ርዝመት ከእሱ ጋር አስተያዪው። ካርቶኑ ላይ ይጻፋል።

አንጓ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:20

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። በጽሑፍ ሕመም አይመረመርም፤ የተጻፈውን አንብቤ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጎማ ያለው ማውስ የሚያደክመው ሲጫኑት ብቻ አይደለም። ሳይጫኑትም ያደክማል። እንዳይሽከረከር ፈርተሽ መሐል ጣትሽን አየር ላይ አንጠልጥለሽ ትይዣለሽ፤ ጣትን ሽቅብ የሚይዙት ጡንቻዎች ደግሞ በክንድሽ ጀርባ እስከ ክርንሽ ይዘልቃሉ። «ከሥሩ እስከ ክንዴ» ያልሽው ከዚህ ጋር ይሄዳል። ጣት ሳይጫን የሚያርፍበት ቁልፍ ያለው ማውስ ይሻልሻል፤ ይህን በመግዛት ጊዜ አስቢበት።

ሁለተኛ፣ ኪቦርድሽ በቀኙ በኩል የቁጥር ሰሌዳ ካለው ማውሱ ሩቅ ይሆናል፤ ክንድሽ ወደ ውጭ ተዘርግቶ ይውላል። የቁጥር ሰሌዳ የሌለው አጭር ኪቦርድ ከማውሱ እኩል ሊጠቅምሽ ይችላል። ክርንሽ ከጠረጴዛው ጋር እኩል ይሁን፤ አንጓሽ ወደ ላይ አይቆልመም።

አውራ ጣትሽ፣ ሌባ ጣትሽ፣ መሐል ጣትሽና የቀለበት ጣትሽ ግማሽ ከደነዘዙ፣ በተለይ ሌሊት ከእንቅልፍሽ የሚቀሰቅስሽ ከሆነ፣ ያ የማውስ ጥያቄ አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ስለ ወገሻው፦ እናትሽን አክብሪያቸው፤ እጅሽን ግን አትስጪ። የተጠዘጠዘ ጅማት በመታሸት ይብሳል እንጂ አይቃናም።

ግራኙ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:00

ስሜ እንደሚነግራችሁ በግራ እጄ ነው የምሠራው። እስካሁን የተጠቆሙት ቁመው የሚያዙ ማውሶች አብዛኞቹ ለቀኝ እጅ የተሠሩ ናቸው፤ እኛ ሁልጊዜ እንደ እንጀራ ልጅ ነን። ኢቮሉየንት ለግራ እጅም እንደሚሠራ ለወገኖቼ ላስታውስ።

ለቀይ እስክሪብቶ የምለው፦ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ማውስ ግዢና አንድ ቀን በግራ፣ አንድ ቀን በቀኝ ሥሪ። የመጀመሪያው ሳምንት ሕፃን ፊደል ሲጽፍ ይመስላል፤ በሁለተኛው ይለመዳል።

የድሮ ፊደል ለቃሚ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁን ሳነብ የራሴ ዘመን ትዝ አለኝ። እኔ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበርኩ። የአማርኛ ፊደል ሳጥን እንደ ፈረንጁ ሃያ ስድስት ክፍል አይደለም፤ «ሀ»ን ከነዘሯ፣ «ለ»ን ከነዘሯ እያልክ ከሁለት መቶ በላይ ጉድጓድ አለው። እጅ ከዚህ ጥግ እዚያ ጥግ ሲሮጥ ይውላል። ትከሻችንን ነበር የሚያመን፤ ጣታችንን አልነበረም። ብዙ የምንጠቀምባቸውን ፊደሎች እጃችን አጠገብ እናስቀምጥ ነበር። «ጰ»ን ሩቅ ብትጥላት በቀን አንዴ ነው የምትፈልጋት።

ማውስ አላውቅም፤ የልጅ ልጄ ነች ይህን የምትጽፍልኝ። ግን ቀኑን ሙሉ የምትነካው ነገር ከጠንካራው ጣትህ ሥር ይሁን፤ እኛ እንዲህ ነበር የምናደርገው።

ቀይ እስክሪብቶ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:50

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የልጅ ልጅዎንም አመስግኑልኝ። «ከጠንካራው ጣትህ ሥር» ያሉት ቃል ከራሴ አልወጣ አለ። ጠንካራው ጣት አውራ ጣት አይደል?

እጄን ለካሁ፤ 16 ሴንቲሜትር ተኩል ነው። ካድማውሱ ቀረ። ሐኪም ጋር እቀርባለሁ፤ የመደንዘዝ ነገር የለም፣ ጥዝጣዜ ብቻ ነው። የቁጥር ሰሌዳ የሌለው ኪቦርድ ዛሬውኑ ከወንድሜ ቀምቼዋለሁ።

ቁሞ የሚያዘውን ማውስ አንድ ጎረቤቴ ዘንድ አግኝቼ ለአንድ ሰዓት ሞከርኩት። አንጓዬ ዐረፈ፤ ያ እውነት ነው። ግን ቁልፎቹን ስትጫኑ የምትጫኑት ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ነው፤ ማውሱ ገሸሽ ይላል። አንዲት ፊደል ብቻ ልመርጥ ስል ቀስቱ ጎረቤቷ ላይ ያርፋል። ለደብዳቤ ይሆናል፤ «ሐ»ን ከ«ሃ» ለሚለቅም ሰው ያስቸግራል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ማታ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5:10

የጋሼን ምክር ወደ ኮምፒውተር ቋንቋ ልተርጉመው። ብዙ ማውሶች በአውራ ጣት በኩል ሁለት ትናንሽ ቁልፎች አሏቸው። ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ቁጥራቸው 8 እና 9 ነው። ኤክስኢንፑት በሚባለው ትእዛዝ 8ን ወደ 2 ብትቀይሪው፣ 2 ማለት የመሐል ቁልፍ ስለሆነ፣ አውራ ጣትሽ የመሐል ቁልፍ ይሆናል። ሌባ ጣትሽ ግራውን እንደያዘ አውራ ጣትሽን መታ ስታደርጊ ተቆረጠ። ጎማው ወደ ትክክለኛ ሥራው፣ ወደ ማንሸራተት ይመለሳል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዴስክቶፕሽ መስኮቶቹን የሚያሳየው ዌይላንድ በሚባለው አዲሱ ሥርዓት ከሆነ ያ ትእዛዝ አይሠራም፤ ስትገቢ የቀድሞው ኤክስ ካለ እሱን ምረጪ። ሌላው ደግሞ አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ግራና ቀኝን አንድ ላይ መጫን እንደ መሐል ቁልፍ እንዲቆጠር የሚያደርግ ቅንብር አለ። ባለሁለት ቁልፍ ማውስ ላለው ሰው በረከት ነው፤ ለእኛ ግን መርገም ነው። ግራውን ይዘሽ ቀኙን ፈጥነሽ ስትጫኚ ልለጥፍ ስትይ ሌላ ነገር ይሆናል። አጥፊው።

ወንድምሽ ወይም ሌላ ሰው ማክ ካለው ደግሞ የኦፕሽን ቁልፍ ተይዞ ሲጫን እንደ መሐል፣ ኮማንድ ተይዞ ሲጫን እንደ ቀኝ ቁልፍ ነው። ግራ እጅን ሥራ ያስይዛል።

ባለ ፕላን
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:30

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። አሮጌ ቲንክፓድ ላፕቶፕ አዲስ አበባ ሞልቷል። ኪቦርዱ መካከል ያለችውን ቀይ ነጥብ ሁሉም ሰው ይስቅባታል፤ ከባዶ ቦታ ቁልፉ በታች ግን ሦስት እውነተኛ ቁልፎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። አውራ ጣት ነው የሚጫናቸው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ማታ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:55

ልክ ነህ፤ እኔም መንገድ ላይ የምሠራው በእሷ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ የመሐሏን ቁልፍ ይዘህ ነጥቧን ስትገፋ ገጹ እንዲንሸራተት ተደርጎ ነው የሚመጣው። ያንን ካላጠፋህ አክሚ ከቁልፏ ጋር አይግባባም። ረጅም ምርጫ ለማድረግም ነጥቧ ቀስ ትላለች።

የሽቦ ልጅ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 8:10

እህቴ ሱቅ መሄዷ ስለማይቀር የሱቁን ነገር እኔ ልንገራት።

ካርቶኑ ላይ ያለውን ስም አትመኚው። ባለፈው ዓመት ከአንድ ሱቅ «ኦሪጅናል» ተብሎ የተገዛ ማውስ ለጥገና መጣልኝ፤ ስከፍተው ክብደት እንዲኖረው የብረት ቁራጭ በሙጫ ተለጥፎበታል። ከስሙ በቀር ሁሉ ነገሩ ሌላ ነው።

ስለዚህ ላፕቶፕሽን ይዘሽ ሂጂ። ሻጩ ይበሳጭ፤ ግድ የለሽም። አንድ ረጅም ገጽ ክፈቺ። ግራውን ይዘሽ ከላይ እስከ ታች በጣም ቀስ ብለሽ ጎትቺ። ምርጫው መንገድ ላይ ከተቋረጠ ያቺ የነገርኩሽ የመዳብ ምላስ ደክማለች፤ አዲስ ቢሆንም ተዪው። ያ በሽታ ነው በኋላ አንዴ ሲጫኑት ሁለቴ የሚቆጥረው፤ አንቺ ደግሞ ግራውን ይዘሽ ስለምትውዪ ቀድሞ የሚያበግንሽ አንቺን ነው። ቀጥሎ የአውራ ጣት ቁልፎቹን። ማውሱን በተለመደው አያያዝሽ ያዢ፣ አውራ ጣትሽን ሳትመለከቺ አሳርፊ። ከሥሩ ቁልፍ ካለ ጥሩ፤ ለመድረስ ጣትሽን ማጠፍ ወይም መዘርጋት ካለብሽ ለሌላ ሰው እጅ ነው የተሠራው። በመጨረሻ አውራ ጣትሽን ስትጫኚ ማውሱ ወደ ቀኝ ይገፋል ወይ? የቀለበት ጣትሽ የሚደገፍበት ጎን ሻካራ ከሆነ አይገፋም።

ገመድ ያለው ግዢ። ባትሪ ያለው ይከብዳል፤ የሚያልቀውም ሥራ በሚበዛበት ቀን ነው።

ቀይ እስክሪብቶ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:00

ገዛሁ። ሦስት ሱቅ ዞርኩ፤ አንዱ ሻጭ «እህቴ፣ ማውስ ነው ወይስ ባል የምትመርጪው» አለኝ። ትንሽ፣ ባለገመድ፣ አውራ ጣቴ ልክ የሚያርፍበት ሁለት ቁልፍ ያለው ነው። ወንድሜ 8ን ወደ 2 ቀየረልኝ። መጀመሪያ ላይ ልቆርጥ ስል ጎማውን እጫናለሁ፤ እጅ የለመደውን አይረሳም። ማታ ላይ ግን ገባኝ።

አሁን ሌላ ነገር ልጠይቅ። ጣቴ ሲያርፍ ነው ያስተዋልኩት። ቃል ላይ ሁለቴ ስጫን አክሚ ቃሉን ይመርጥልኛል፤ ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ከሆነ ግን አራት ነጥቡንም አብሮ ይዞ ይመጣል። «መጣ» ስል «መጣ።»ን ይመርጣል። በቀኝ ቁልፍ ስፈልገውም የሚያገኝልኝ አራት ነጥብ ያለበትን «መጣ።» ብቻ ነው። ስለዚህ በቀን ስንት መቶ ጊዜ በእጄ ከ«መ» እስከ «ጣ» እየጎተትኩ ነው የምመርጠው። ይህ የማውስ ጥፋት ነው ወይስ የእኔ?

ሲልቨር ስፕሪንግ ማታ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:25

የሁለታችሁም አይደለም። እኔ በአክሚ የምጽፈው የኮምፒውተር ኮድ ስለሆነ አንድም ቀን አላጋጠመኝም፤ አሁን የአክሚን ምንጭ ኮድ ከፍቼ አየሁት። ፊደል የሚባለው የቱ እንደሆነ የሚወስነው ክፍል ለእንግሊዝኛው ነጥብና ሰረዝን ለይቶ ያውቃል፤ ከላቲን መቆጣጠሪያ ምልክቶች በላይ ያለውን ሁሉ ግን «ፊደል ሊሆን ይችላል» ብሎ በጅምላ ያሳልፋል። ትክክል ማድረግ ከባድ እንደሆነ የኮዱ ጸሐፊ ራሱ እዚያው ባስቀመጠው ማስታወሻ ላይ ጽፎታል። አራት ነጥብ በዚያ በር እንደ ፊደል ሆኖ ገባ።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። የእኛ ሥርዓተ ነጥቦች፣ ከሁለት ነጥብ እስከ ሰባት ነጥብ፣ ዩኒኮድ ላይ ከ1361 እስከ 1368 ተከታትለው ተቀምጠዋል፤ ከእነሱ ቀጥሎ የሚመጣው ፩ ነው። «በዚህ መካከል ያለው ፊደል አይደለም» የሚል መስመር ጨምሬ አጠናቀርኩት። «መጣ።» ላይ ሁለቴ ተጫንኩ፤ «መጣ» ብቻውን ተመረጠ። ፋይሉን ለወንድምሽ እልከዋለሁ።

ሁሉንም አይፈታልሽም። «ለፀሐይ»፣ «የፀሐይ»፣ «ፀሐይዋ» እንዳሉ ይመረጣሉ፤ ግንዱን ብቻ ከፈለግሽ አሁንም መጎተት ነው። ለዚያ የመተኪያ ትእዛዙን ራስጌው ላይ ጽፈሽ አስቀምጪና በአውራ ጣትሽ ንኪው፤ መጽሐፉን በሙሉ ያዳርሰዋል።

ኪቦርድ ይበቃል
ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:40

እህቴ፣ ላለፈው «ወንድሜ» ይቅርታ። ግን እዩት፤ በመጨረሻ የረዳት ትእዛዝ መጻፍ ነው። በኪቦርድ።

ቀይ እስክሪብቶ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:42

ጽፌ በማውስ ነው የምነካው። አንድ ለአንድ ወጣን።

ቀይ እስክሪብቶ
ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10:00

መጥቼ ልንገራችሁ ብዬ ነው። ሐኪሙ ጡንቻው ነው አለ፤ ነርቭ አይደለም። ማሰሪያ አልሰጠኝም፤ በየሰዓቱ ተነሺ ነው ያለኝ። እነሳለሁ፤ ሁልጊዜ ባልልም።

አራት ነጥቡ ከተስተካከለ ወዲህ የምጎትተው ከቀድሞው ግማሹን አይሆንም። ወንድሜ ማውሱ ነው ያዳነሽ ይላል፤ እኔ ደግሞ ያቺ አንድ መስመር ናት እላለሁ። ምናልባት ሁለቱም። አውራ ጣቴ አንዳንድ ማታ ድካም ይሰማዋል፤ ያን ቀን የግራኙን ምክር እከተልና በግራ እጄ አነባለሁ፤ መቁረጡን አልደፍርም። ባለፈው ሳምንት በግራ እጄ አንድ አንቀጽ ቆርጬ የት እንደለጠፍኩት እስከ አሁን እየፈለግኩ ነው።

ትናንት ቡና ቀዳሁ። ረከቦቱ ደረቅ ነው። እናቴ ግን ወገሻው ቢያይሽ ኖሮ በሳምንት ነበር ትላለች።

የሽቦ ልጅ
እሑድ፣ ከቀኑ 10:35

እሰይ። አሮጌውን ማውስ እንዳትጥዪው። ቀላል መጫኛ ጎማው ሥር ላስገባልሽ፤ ለመለዋወጫ ይሆንሻል።

ቀይ እስክሪብቶ
እሑድ፣ ከቀኑ 10:50

ያንን ለእናቴ ሰጥቻት ካርታ ትጫወትበታለች። ጎማው አልከበዳትም። እጇ ከእኔ ይጠነክራል።